ለእናቶች ብቻ የመጣ ጥያቄ

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ አበዛሽ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የአዳማ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽስ ቀለል አለሽ? የጋሽ ሣህሌ ሳልስ ተዋቸው? እኔ እግዜር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። እዚህ ክረምቱ ገብቶ ቦንጋ ጭቃ በጭቃ ሆናለች።

በስልክ ያልነገርኩሽ ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ነው፤ ልጄ ሔርሜላ ትሰማለች። ለእሷ ከቢታ ገነት ሽማግሌ መጥቶላታል። ልጁ አስተማሪ ነው፣ ጨዋ ይመስለኛል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳለ ወንድሟ ሙሉብርሃን መሐል ገብቶ እጁን ይነክስ ጀመር። አንደኛው "ይኼ የማን ነው?" አሉ። እሷም እንዲህ ያለ ልጅ ትወልዳለች እንዳይሉ ፈርቼ "የእህቴ ነው፣ እኔ አሳድገዋለሁ" አልኩ። አዎ፣ ያንቺ አደረግኩት። ሰፈርተኛውም ለሔርሜላ ሲል ዝም ብሎልኛል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወንጌላዊት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች። ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች እንዴት እንደሚኖሩ ታጠናለች። ሰው ጋኔን፣ እርግማን፣ የእናቱ ኃጢአት ሲለው የኖረው ነገር ስም እንዳለው ያኔ ሰማሁ። መቅረጫዋን ከፍታ ረጋ ብላ "እርስዎ እናቱ ነዎት?" አለችኝ። ሔርሜላና ልትጠይቀን የመጣችው የእጮኛዋ እህት አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። "አክስቱ ነኝ" አልኳት። ጥናቱ ለእናቶች ብቻ ነው ብላ፣ ይቅርታ ጠይቃ መቅረጫውን ዘጋችው።

እትዬ፣ የምነግራት ስንት ነገር ነበረኝ። ባጃጅ ሲሰማ እየጮኸ ወደ መንገድ ስለሚሮጥ፣ ኮረሪማ ልሸጥ ገበያ ስወጣ በር እንደምቆልፍበት። ሴቶቹ እሱን ሲያዩ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው እንደሚሰበስቡ። አባቱ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ ደካ ሄዶ ለምን እንደቀረ። አንዳንዴም ከእኔ በፊት ውሰደው ብዬ እንደምጸልይ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እሷ ግን ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች። ሔርሜላ በዓይኗ አመሰገነችኝ፤ ከሁሉ ያ ነው የከበደኝ።

የእጮኛዋ አክስት አዳማ ነው የምትኖረው፤ ልትጠይቅሽ ትመጣለች ተብሏል። እባክሽ ሙሉብርሃን ልጄ ነው በያት። ለሔርሜላ ብዬ ነው እንጂ ለእኔስ አልለምንሽም ነበር። በእሱ በኩል አትስጊ፤ እማዬ ብሎ ጠርቶኝ ስለማያውቅ አያጋልጠንም።

ጋሽ ሣህሌን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ጽጌን ደግሞ እቅፍ አድርጊልኝ። ሔርሜላ ሰላም ብላሻለች።

ልጅሽም ደህና ነው።

ታናሽ እህትሽ ዘርትሁን
ቦንጋ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.