የጂፑ መሪ

ውድ ወንድሜ ኤርመክ፣

ይህን በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም። ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ የትኛውም ክፍል ሆኜ ባወራ አባባ ይሰማሉ። ጎረቤታችን ባክትጉል ነገ ልጇን ልትጠይቅ ወደ ሞስኮ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ።

ባለፈው ስትደውል «ሽማግሌው ሰው ሳይገድል መኪናውን ሽጡት» ያልከውን አባባ ሰምተውታል። ተነስተው ወጡና ጂፑ ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ፍርድህ ትክክል አልመሰለኝም ነበር። አባባ የባክትጉልን አጥር የገጩ ዕለት መኪናውን ወደ ቤት የመለስኩት እኔ ነኝ። መሪውን ሳዞረው ጎማው ቶሎ አይሰማም፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ስመልሰው ነው የደረስኩት።

በማግስቱ «እስቲ መኪናውን እንየው» አልኳቸው። ፊታቸው እንደዚያ ሲፈካ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ሞተሩን አጥፍተን ጎማዎቹን ቀጥ አድርገን አቆምነው። እኔ መሪውን ቀስ እያልኩ ወዲህና ወዲያ አወዛውዛለሁ፤ እሳቸው ከስር ተኝተው መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው ይይዛሉ። ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ተንቀሳቅሶ ጎማው ዝም ካለ፣ የላላው እዚያ መሃል ነው። እኔ ቸኩዬ የመሪው ሳጥን ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ለምን አናጠብቃትም ብል፣ ከስር ሆነው ሳቁብኝ።

«እሷን ማጥበቅማ ማን ያቅተዋል» አሉ። «መሪው ይከብድሻል፣ ከኩርባ አልመለስም ይልሻል። የላላው ግን እንደላላ ይቀራል።»

ሁለት መጋጠሚያዎች አልቀው አገኙ። ባሊክቺ ከተማ ገበያ ሄጄ አዲስ ገዛሁ። አሮጌዎቹ ዝገው አልወጣ ስላሉ በመዶሻ ነው ያስለቀቅናቸው። አዲሶቹን ገጥመን የፊት ጎማዎቹን በሲባጎ እየለካን አስተካከልን፤ ያቺንም ብሎን በመጨረሻ ትንሽ ነካ አደረጓት። መሪው እጄ ላይ ጸና። አባባ እጃቸውን በቅጡ ሳይታጠቡ በዘይት የተጠበሰች ቦርሶካቸውን እየበሉ ስለ ድሮ መንገዶች ሲያወሩ ዋሉ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲያወሩ አልሰማሁም።

ልንሞክረው ወደ ናሪን ከተማ በሚወስደው መንገድ ወጣን። እሳቸው ነዱ። መኪናው የታዘዘውን ያደርጋል። ትንሽ እንደሄድን ግን ወደ ቀኝ ዳር እየተጠጋን መሆኑን አየሁ። አሁን መሪው አይደለም፤ የሚያጠጉት እጆቻቸው ናቸው። ከፊታችን በዚያው ዳር አንድ ፈረሰኛ በጎች ይነዳል። ያዩታል ብዬ ጠበቅሁ። በኋላ «አባባ፣ ያቁሙ» አልኳቸው። ወዲያው ቆሙ።

ሰውየው ፈረሱን አዙሮ መጣና በመስኮቱ ጎንበስ አለ። «አባታችን፣ እኔስ ብሞት ግድ የለም፤ ፈረሱ ግን የአማቴ ነው።» አባባ ሳቁ፣ ይቅርታ ጠየቁት፣ ስለ በጎቹ አወሩ፣ መረቁት።

ሰውየው ሲርቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፈረሱ ምን ዓይነት ነበር?» አሉኝ።

«ነጭ።»

«ነጭ» አሉ። «መጥቶ እስኪያናግረኝ ድረስ አላየሁትም።»

ወረዱ። የሞተሩን ክዳን በእጃቸው እየዳሰሱ ዞረው መጥተው በእኔ በኩል በሩን ከፈቱ። «መኪናው ድኗል» አሉ። «ተሻገሪ።»

እኔ ነዳሁ። መንገዱ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ስንደርስ «ማርሽ ቀንሺ» አሉኝ፤ ቀነስኩ።

የዓይን ሐኪም ጋ ወስጃቸዋለሁ። የቀኝ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ሰንብቷል፤ የግራው በጠብታ ሊቆይ ይችላል ተብሏል። መንዳት ግን አብቅቷል። ለአንተ እንዳልነግርህ ለመኑኝ። አባባ ለምነውኝ አያውቁም፤ ቢሆንም ሳታውቅ እንደዚያ ደግመህ እንዳትናገራቸው ብዬ ጻፍኩልህ።

ጂፑን አንሸጠውም፤ ሐኪም ጋ የማመላልሳቸው በእሱ ነው። ስትደውል ስለ ዓይን አታንሳ። መሪው ልል እንደነበረና እሳቸው እንዳስተካከሉት ሰማሁ በላቸው፤ ሁለቱም እውነት ነው። ከዚያ እንዴት አድርገው እንዳገኙት ጠይቃቸው። ወሬው ረጅም ነው። እስኪጨርሱ ስልኩን አትዝጋ።

እህትህ ጅፓር