አልጎብጥ ያለው ክር

እሑድ
የዛሬው ሻይ ስኳር የለውም። እንዲህ ያለ በደል በኮምቦልቻ ተፈጽሞ አያውቅም። «ዶክተር፣ ስኳር ጠፋ እንዴ?» ብዬ ብቀልድ ረሂማ ቀና ብላም አላየችኝ።

የሟች ወንድሜ ልጅ ናት፤ ሬዲዮ እየጠገንሁ ያሳደግኋት። ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን ስታቀርብ መምህሯ ጠየቃት። የዲ ኤን ኤ ክር ዙሪያውን ኔጌቲቭ ቻርጅ ነው፤ ራሱን በራሱ ይገፋል። ታዲያ እንዴት ጎብጦ ጠባብ ቀለበት ይሠራል? መልሱን ታውቀዋለች። አፏ ግን ተሳሰረ። ሐሙስ ድጋሚ ትቀርባለች። ያ ካለፋት ትምህርቱ አበቃ።

ሰኞ
ከክፍሏ አትወጣም። ምሳዋ እንዳለ ተመለሰ። ከሰዓት ብቅ ብላ፣ «አጎቴ፣ ጂዳ ልሄድ ነው። ሴቶችን ለሥራ ዓረብ አገር የሚልከው የደጋን ከተማ ደላላ ረቡዕ መጥቶ ይወስደኛል» አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ፓስፖርቷን አውጥታ አሳየችኝ።

ማክሰኞ
ሱብሂ ሰግጄ ዱዓ አደረግሁ። ከዚያ ተንኮል አሰብሁ።

ከተበላሹ የጆሮ ማዳመጫዎች ማግኔት ለቅሜ በቀጭን የጎማ ቱቦ ዙሪያ ለጣጠፍሁ፤ በሯ ሥር ቁጭ ብዬ «ዲ ኤን ኤሽ ይኸውና» አልኋት። ቱቦው ተጠቅልሎ እርስ በርሱ ተጣበቀ።

በሩ ተከፈተ። «አበላሹት እኮ። እንዲገፋፉ ማግኔቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ዋልታ ወደ ውጭ ያድርጉ።»

ዕድሜውን ሙሉ ድምፅ ማጉያ ሲፈታ የኖረ ሰው ይህን እንደማይስት ረሳችው። ራሷ አስተካክላ ለጠፈችው። ቱቦው እንደ ዱላ ቀጥ አለ። ከዚያ የአንዱን ጎን ማግኔቶች ላጠቻቸው፤ ቱቦው በራሱ ወደተላጠው ጎን ጎበጠ።

«ክሩ ላይ የሚጣበቀው ፕሮቲን የአንዱን ጎን ቻርጅ ያጠፋዋል። የቀረው ጎን እየተገፋፋ ያጎብጠዋል» አለች። ዓይኗ በርቶ ነበር።

«ሐሙስ ይህንኑ በያቸዋ።»

ፊቷ ጠቆረ። «እርስዎ ፊት ቀላል ነው» ብላ በሩን ዘጋች።

ረቡዕ
ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። ላስራት አልችልም፣ ትልቅ ሰው ናት። ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ እንደገና ለመንሁ። የጎረቤታችን ልጅ ጂዳ ከሄደች ወዲህ ድምፅዋ እንኳ አልተሰማም። ያ ረቢ፣ ቀልድ አለቀብኝ።

በሩ ተንኳኳ። ረሂማ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። ቀድሜያት ሄድሁ፤ ለደላላው ያዘጋጀሁትን ስድብ በልቤ እየደገምሁ ከፈትሁ።

መነጽር ያደረገ፣ ጫማው የመናኸሪያ ጭቃ የነካው ሰው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። የረሂማ መምህር ነኝ። ስልኳ አልነሳ ቢለኝ፣ ነገ እንዳትቀር ብዬ ከደሴ መጣሁ።»

ከኋላዬ የሻንጣው ጎማ ድምፅ ቆመ።