ከጽሕፈት ቤቱ መጋዘን ወደ ቅሬው ዕቃ ቤት ስለተዛወሩት በረሮዎች

ለክቡር አቶ እሱባለው
የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት የንጽህና ቁጥጥር ባለሙያ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? የቆቦ ሙቀት ከደጋ ለመጣ ሰው ይከብዳል፤ ክረምቱን ሙሉ ከወንበር ሳይነሱ መሥራትም ወገብ ያሳምማልና አላህ ወገብዎን ያበርታልዎ። እኔ ቤቴ ከመጋዘንዎ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን የቅሬያችንን ዕቃ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ሰይዳ ታሂር ነኝ። አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እርስዎ የላኳቸው በረሮዎችም በደህና ገብተዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ቤቴ መጥተው፣ ዕቃ ቤቱን አስከፍተው፣ ሁለት በረሮ አይተው ሄዱ። በማግስቱም የቅሬው መቶ ሰማንያ ሳህንና ስድስት ጎላ ድስት ከኔ ቤት ወጥቶ በእርስዎ መጋዘን እንዲቀመጥ፣ እሑድ ለሚደረገው የቅሬ ስብሰባ ደብዳቤ ጻፉ። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ለቅሶ የሚስተናገደው በዚህ ዕቃ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰው ደጄን የሚያንኳኳው በዚህ ዕቃ ምክንያት ስለሆነ፣ ሊወስዱ ያሰቡት ሳህን ብቻ አለመሆኑን እንዲያውቁት ብዬ ነው። ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1. ስለ ወረቀቱ። በረሮን በክረምት ስለ መከላከል የሚናገረውን ወረቀት ሲሰጡኝ፣ ለማያነቡ ሥዕል አለው እማማ፣ ሥዕሉን ይመልከቱ ብለውኛል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ መጥፎ ጠባይ አለው፤ የሰጡትን ሁሉ እስከ መጨረሻው ያነባል። ዝናብ ሲበረታ በረሮ ሙቀትና ጨለማ ፍለጋ ወደ ቤት እንደሚገባ፣ ካርቶን ማከማቸት እንደማይገባ፣ የሚያፈስ ቧንቧ መጠገን፣ የግድግዳ ስንጥቅም መደፈን እንዳለበት ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ደግ ወረቀት ነው። ያልታደሉት ወንድሞቹ ግን በአሥራ አራት ካርቶን እንደታሸጉ፣ በመጋዘንዎ ውስጥ በሚያፈሰው አሸንዳ ሥር፣ የኔን ግድግዳ ተደግፈው ሁለት ክረምት ከርመዋል። በረሮ የካርቶን ሙጫ እንደሚበላ ወረቀቱ አልጻፈም። ስለ ራሱ ማውራት አፍሮ ይሆናል።

2. ስለ መድኃኒቱ። ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ስለተባለ፣ እኔን ከመጎብኘትዎ በፊት ባለው ቅዳሜ መጋዘኑን አስረጩ። ለጎረቤት መናገር አላስፈለገም። ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ከፈለች ሽታው ሲያንቃት ወጥታ ምን እንደሆነ ዘበኛውን ብትጠይቀው፣ ለእንግዶች የተረጨ ሽቶ ነው፣ አንቺም ተቀቢ አላት። ከሽቶው ያመለጡት በስንጥቁ በኩል ወደ እኔ መጡ። በአራተኛው ቀን እርስዎ በበሩ በኩል መጡ። ከጽሕፈት ቤታችሁ ይህን የመሰለ የተቀናጀ ሥራ አይቼ አላውቅም።

3. ስለ ምርመራዎ። በረሮ በቀን ከታየ ወይ በዝቷል ወይ ከነበረበት ተባሯል ይላል ወረቀትዎ። እርስዎ በቀትር ሁለት አይተው ከየት መጣችሁ ሳይሉ ጻፉ። እኔ ግን እንደ ወረቀቱ ትእዛዝ ጥቁር አዝሙድ የሚመስለውን ኩሳቸውን ፈለግሁ። በሳህኖቹ መካከል አንድ ፍሬ አላገኘሁም፤ በእርስዎ ግድግዳ ሥር በእፍኝ ነው። ከዚያ እናቴ ለጉንዳን ታደርገው እንደነበረው፣ የተነፋ አመድ በአራቱም ግድግዳ ሥር በትኜ በሩን ዘጋሁ። ጠዋት ከፈለችንና የቅሬውን ሰብሳቢ አቶ ረመዳንን ጠርቼ ከፈትኩ። የሦስቱ ግድግዳ አመድ እንደተነጠፈ ነው። በአራተኛው፣ በእርስዎ በኩል ባለው፣ መንገድ ወጥቶበታል። አቶ ረመዳን አጎንብሰው አይተው፣ ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለው አስፋልት እንኳ በገበያ ቀን ይህን ያህል አይረገጥም አሉ። ከፈለች ደግሞ የዝውውር ደብዳቤያቸው የታለ ብላ እስክታነባ ሳቀች።

4. ዕቃው በመጋዘንዎ ቢቀመጥ ስለሚገኘው ጥቅም። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ አጣሁት። ሞት በሥራ ሰዓት ብቻ አይመጣም። ቁልፉን ኪስዎ ከትተው ወልድያ ለስብሰባ በሚሄዱበት ሳምንት ማንም እንዳይሞት ቀበሌው ማስታወቂያ ያወጣልን ይሆን?

ስንጥቁን በኔ በኩል በጭቃና በገለባ ሦስት ጊዜ ደፍኛለሁ፤ ግን ግድግዳ ሁለት ፊት አለው። እርስዎም በበኩልዎ ደፍነው፣ አሸንዳውን አስጠግነው፣ ወረቀቶቹን ለሕዝቡ ቢያድሉና ከእሑድ በፊት ደብዳቤዎን ቢያነሱ፣ እኔም ለበረሮዎቹ ወደ መጡበት የሚመለሱበትን ቀና መንገድ ከማመቻቸት እቆጠባለሁ። ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ በአራት ቀን ምልልስ ወንበርዎን እንጂ እርስዎን ስላላገኘሁ ነው።

ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለአሸንዳዎ ጠጋኝ፣ ለእንግዶችዎ ንጹሕ አየር እየለመንኩ፣ በአክብሮት እጅ የምነሳ ግድግዳ ተጋሪዎ
ሰይዳ ታሂር
ቆቦ፣ ነሐሴ 14 ቀን

በኋላ የተጨመረ፦ ስብሰባው እሑድ ተደርጓል፤ እርስዎ ባይመጡም ደብዳቤዎ ተነብቧል፣ አመዱም ታይቷል። ዕቃው ከኔ ቤት እንዳይወጣ ተወስኗል። ለአገሩ እንግዳ ነኝ፣ ብሞት ቀባሪ እንዳላጣ ብለው ባለፈው ወር ያስገቡት የአባልነት ማመልከቻም በሙሉ ድምፅ ጸድቆልዎታል፤ እንኳን ደስ አለዎት። በደንባችን መሠረት አዲስ አባል ከለቅሶ የተመለሰውን ዕቃ አንድ ዓመት ያጥባል። ያጠቡትን ሳህን አንድ በአንድ እየገለበጥኩ የምመረምረው እኔ ነኝ።