ወረፋ ላይ የተውኩት ቅርጫት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ለሆዴ፤

እንደምን ከረምሽ? አሁንም እንደምን ከረምሽ? ሁለቴ የጠየቅኩሽ የመጀመሪያውን «ደህና ነኝ» ስለማላምነው ነው፤ አንቺ ትኩሳት እያንቀጠቀጠሽም «ደህና ነኝ» ባይ ነሽ። ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃውን እየረገመች ነው የምትወጣው? አባባ መነጽር አሠራ ወይስ አሁንም ክንዱን ዘርግቶ ነው የሚያነበው? እኔ ከእግሬ በቀር ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ አንሶላ ስተኩስ ስለምውል፣ ቤት ስገባ የሌላ ሰው እግር ተሸክሜ የመጣሁ ይመስለኛል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ በሽርጤ ኪስ ይዤው ስዞር እንፋሎቱ ጠርዙን አጨማዶታል። እስካሁን ባለመመለሴ አዝነሽብኝ እንደሆነ ይቅር በይኝ። አባባ «ታላቂቱ ሳትዳር ታናሺቱን አልድርም» እንዳለ፣ ሊያገባሽ የጠየቀው አናጢ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደጠበቀ፣ እስከዚህ ወር መጨረሻ ቁርጡ ካልተነገረው ግን አሠሪዎቹ ራቅ ወዳለ ከተማ ሊወስዱት እንደሆነ፣ ከሄደም የሚመለስ እንዳልመሰለሽ ጽፈሽልኛል። ከታች «አንቺ ምን ትያለሽ?» ብለሽ ጨረስሽው። እኔ እኮ ምን እንደምል ባውቅ ኖሮ በማግስቱ እጽፍልሽ ነበር። ግራ ገብቶኝ ነው። አሁንም ግራ እንደገባኝ ነውና የምጽፍልሽ፣ ነገሬ ቢዞርብሽ ታገሺኝ።

ከማይመስል ነገር ልጀምርልሽ፤ ከሱቅ ወረፋ።

እዚህ ሰው አገር ዕቃ የሚገዛው አንድ ትልቅ አዳራሽ ገብቶ፣ ከየመደርደሪያው እያነሱ ቅርጫት ሞልቶ፣ መጨረሻ ላይ ለመክፈል ተሰልፎ ነው። መግዛቱን ለመድኩት። ወረፋው ግን በአምስት ዓመቴም አልገባኝ አለ። ስድስት ገንዘብ ተቀባዮች አሉ፤ አጭሩን ሰልፍ መርጬ ስቆም አጭሩ ይገተርና የተውኩት ረጅሙ ይሮጣል። ወደዚያ ስዛወር ይሄኛው ይሮጣል። ሰዉ ደግሞ አይነጋገርም። እኛ ቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ የስንቱን ጋብቻና ፍቺ ሰምተን ነበር የምንመለሰው! እዚህ ሁሉም የፊተኛውን ሰው ማጅራት እያየ ይተነፍሳል። አንዱ «እፍ» ሲል ሌላው ይቀበለዋል። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ስለ ድመታቸው ሕመም ለገንዘብ ተቀባይዋ ሲያጫውቱ ስምንት ሰው እያቃሰተ ጠበቀ እንጂ፣ «ድመቷ ተሻላት ወይ?» ያለ አንድ ሰው የለም። ትዕግሥት ይሁን ኩርፊያ እስካሁን አልለየሁም። አብራኝ የምትሠራው፣ «ቶሎ ቶሎ» የምንላት ልጅ ደግሞ ሰልፉ ረዘም ካለ ቅርጫቷን እዚያው ጥላ ባዶ እጇን ውልቅ ትላለች። ኋላ እንቁላል አበድሪኝ ብላ የምትመጣው እኔው ጋ ነው። «የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» እላትና እሰጣታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት እንደምንም መልስ ልጻፍልሽ ብዬ ፖስታ ልገዛ ገባሁ። ሽንኩርት፣ ሩዝና አንድ እሽግ ፖስታ ቅርጫት ውስጥ አድርጌ ተሰለፍኩ። ሰልፉ ዳቦ መደርደሪያው ድረስ ደርሷል። ግማሽ ላይ ስደርስ ሳሙና መርሳቴ ትዝ አለኝ። ታውቂ የለ፣ እኛ ቦኖው ጋ ጄሪካናችንን ተራ አስይዘን ቤት ሄደን ፀጉር ተሠርተን እንመለስ ነበር። ጄሪካን ማለት ሰው ነው፤ ማንም አያልፈውም። አይ ልማድ! ሳላስበው ቅርጫቴን መሬት አስቀምጬ ወደ ሳሙናው ሄድኩ።

ሳሙናው አንድ ግድግዳ ሙሉ ነው። ለደረቅ ቆዳ፣ ለወዛም ቆዳ፣ ለሕፃን ቆዳ፤ የእኔ የትኛው እንደሆነ ስመራመር ቆየሁ። አንዱን አንስቼ ስመለስ በየት በኩል እንደመጣሁ ጠፋኝ፤ መደርደሪያዎቹ መንትያ ናቸው። የእኔ ሰልፍ ነው ያልኩት ጋ ብሄድ ቅርጫቴ የለም። አንስተውት ይሆናል ብዬ፣ ብግን እያልኩ፣ ሳሙናዬን ብቻ ይዤ ሌላ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆምኩ።

ያ ሰልፍ ንቅንቅ አይልም። አንገቴን አስግጌ ባይ ገንዘብ ተቀባይዋ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ማንም የለም። ራቅ ብሎ አንድ ቅርጫት ብቻውን መሬት ላይ አለ፤ ከኋላው አንድ ሽበታም አዛውንት ቆመዋል፤ ከእሳቸው ኋላ አሥር የሚሆን ሰው ተደርድሯል። ከፊቴ ያለችውን ሴት ምን ሆኖ ነው ብላት፣ አንዱ ቅርጫቱን ጥሎ ጠፍቶ አዛውንቱ አላልፍም ብለው ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አፌን ማን ይያዘው! ይሉኝታ የሌለው ነው አልኩ፤ አሳዳጊ የበደለው ነው አልኩ። ሴትዮዋም ደስ ብሏት «እውነትሽን ነው» አለችኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ወረፋ ላይ ያጫወተችኝ እሷ ብቻ ናት። ሰዉ ጥቂት ፈቀቅ ሲል ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ታየኝ። ሽንኩርት አለ። ሩዝ አለ። አንድ እሽግ ፖስታ አለ። እህቴ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። አሳዳጊ የበደለው ያልኩት እኮ እማዬንና አባባን መሆኑ ነው፤ ይህን እንዳትነግሪያቸው።

አንገቴን ደፍቼ ወደ ፊት ሄድኩ። ያቺ ወዳጄ የነበረች ሴትዮ ከኋላዬ ያለችውን አልጽፍልሽም። አዛውንቱ ግን ፈገግ ብለው «መጣሽ ልጄ? ቦታሽን ጠብቄልሻለሁ» አሉኝ። ለምን አላለፉኝም ብላቸው፣ ተራው የእኔ እንደሆነና የሰው ተራ ረግጠው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ቅር እንዳላላቸው ሳይ ይባስ አፈርኩ። ሰውዬው እኮ ደግ ናቸው፤ ግን በእሳቸው ደግነት አሥር ሰው ተገትሮ ቀረ፣ ገንዘብ ተቀባይዋም ሥራ ፈታች። እኔን እንኳ አልጠቀመኝም፤ እኔ ሳሙና መደርደሪያ ሥር ነበርኩ። ልውቀሳቸው ወይስ ላመስግናቸው? ይኸው እስካሁን አላወቅሁም።

ቤት ገብቼ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ሳወጣ አባባ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እዚህ ላይ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት አባባ ደውሎ፣ አናጢው ሽማግሌ እንደላከ ነግሮኝ፣ ታናሽሽ ብትቀድምሽ ቅር ይልሻል ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ ሳቅኩና «ታላቅነቴንማ እንዳትነኩብኝ፤ ተራዬን ጠብቁልኝ» አልኩት። ቀልድ ነበር። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ሮጥኩ፣ ረሳሁትም። አባባ የሰውን ቃል ቃል በቃል የሚይዝ ሰው መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ሁለት ዓመት ቅርጫቴን ሲጠብቅልኝ የኖረው እሱ ነው፤ ከኋላው የቆምሽው አንቺ ነሽ። አንድ ቀን እንኳ «እፍ» አላልሽም።

ቀልድ ነበር ስልሽም ሙሉውን አልነገርኩሽም። ግማሹ ቀልድ አልነበረም። ትቀድምሻለች ሲለኝ እውነትም ቅር አለኝ። ባል ፈልጌ አይደለም፤ እዚህ ልቤን የጣልኩበት ሰው የለም፣ መፈለግ አለመፈለጌንም በውል አላውቀው። ግን «ቆማ ቀረች» መባልን ፈራሁ። ሰርግሽ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ «ታላቋስ?» ሲል እማዬ የምትመልሰውን አሰብኩ። አሁንም እፈራለሁ። ደስ ብሎኛል ብልሽ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሆንብኛል። ደስ አላለኝም ብልሽ ደግሞ ውሸት ነው፤ ትናንት የሰርግ ቀሚስሽን ሳስብ የሰው አንሶላ አቃጥያለሁ። ሁለቱ እንዴት አንድ ሆድ ውስጥ እንደሚያድሩ አንቺ ከገባሽ አስረጂኝ።

«የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ይላሉ። አናጢው ምን ያድርግ፣ መጀመሪያ ሚስቲቱን ስጡት እንጂ!

በዚህ ፖስታ ውስጥ ለአባባ ለብቻው የታጠፈ ወረቀት አለ። ያን ጊዜ ያልኩት ቀልድ እንደነበር፣ እኔን እንዳይጠብቅ፣ የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ሽማግሌዎቹን አስጠርቶ እሺታውን እንዲነግራቸው ለምኜዋለሁ። ግማሹን እውነት አልጻፍኩለትም፤ እሱ ላንቺ ብቻ ነው። በስልክ ያልነገርኩት በድምፄ ስለሚያውቅብኝ ነው። አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ፤ አምስተኛውን ስጽፍ አለቀስኩ። ላንቺ ይሁን ለራሴ አትጠይቂኝ። ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት በፈጣኑ ፖስታ እልከዋለሁ። ፖስታ ቤትም ወረፋ አለ፤ የፈለገው ቢረሳኝ ከቦታዬ ንቅንቅ አልልም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ደረጃውን መርገሙን ትተው። አባባን ወረቀቱን ራሱ እንዲያነበው ስጪው፣ ክንዱ ካልበቃ ግን አንቺ እንዳታነቢለት፣ ወንድማችን ያንብብለት። ወንድማችን የጫማ ቁጥሩን ይጻፍልኝ፣ ባለፈው የላክሁት ጠበበው ብላችሁኛል። ጓሮ ክፍል ያለችውን አክስታችንን ሳሚልኝ፤ እልልታዋን ቀኑ እስኪቆረጥ አፏ ውስጥ ታቆየው።

አናጢውን እስከ ዛሬ በደብዳቤ ሰላም ብዬው አላውቅም። ምን ብዬ እንደምጠራው ግራ እየገባኝ ነበር። አሁን ግን «ታላቅ እህትህ እንዴት ነህ ብላሃለች» በይልኝ።

እህትሽ

ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ጥቅምት ፱ ቀን