የአበጋዙ ዋንጫ

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለአዲስ፣

እንደምን ከርመሃል? የሊድስ ብርድ ጠናብህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ይለግማል። ቡናው ዘንድሮ ቶሎ ቀልቶ የአጋሮ መንገድ በጭነት መኪና ተጨናንቋል።

ለገናው ጨዋታ የላክኸው ዋንጫ ደርሷል። “የአበጋዝ ዓለምብርሃን መታሰቢያ” የሚለውን በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። እንግሊዞች የመጀመሪያዎቹን የክሪኬት አለቆቻቸውን ታሪክ በመጽሐፍ እንዳኖሩ ጽፈህልኛል። “እነሱም ኳስ በዱላ የሚመቱ ናቸው፤ የአባዬም ታሪክ ይጻፍና በገና ዕለት ሜዳው ላይ ይነበብ” ብለሃል። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ይህንኑ ጠየቁኝ። እጽፈዋለሁ። አስቀድመህ ግን አንተ አንብበው።

አባትህ በአምስት ዓመቱ ከሰላሌ ወደ ጅማ መጣ። አድጎ እዚሁ ጅማ መርካቶ የቡና ኩንታል ተሸካሚ ሆነ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሰፈራችን የገና ቡድን አበጋዝ፣ ማለትም አለቃ፣ አደረጉት። ሰባት ገና አልተሸነፈም። የአንዱን ጥርስ አረገፈ፣ የሌላውን ክንድ ሰበረ፤ ክንዱ የተሰበረውም በማግሥቱ መጥቶ አብሮት ጠላ ጠጣ። ወጉ ነው፤ ሜዳ ላይ የፈሰሰ ደም ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ማንም አይከስም።

ቤት ውስጥ ግን ወግ አልነበረውም። ግራ ጆሮዬ ለምን እንደማይሰማ ስትጠይቀኝ “በልጅነቴ ታምሜ ነው” እልህ ነበር። እሱን ተወው፤ የዛሬው ጉዳይ የናኦድ ነው።

በገና ዕለት ሴቶች አበጋዙን እንዳሻቸው ይሰድቡታል፤ ያን ቀን እጁን ሊያነሣባቸው አይችልም። በሰማንያ ሁለቱ ገና፣ ኪቶ ፉርዲሳ ሜዳ ላይ፣ የአጋሮው አበጋዝ ናኦድ አባትህ ላይ ሁለት ግብ አገባ። እኔ አንተን ፀንሼ ሦስት ወሬ ነበር። የዓመቱን በደል ሁሉ በዚያች ቀን ልወጣ ፈለግሁ።

“አንተ አበጋዝ! ና ቀሚሴን ልበስ፣ ዱላውን ለኔ ስጥ!” ብዬ ጮኽሁ።

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ናኦድም፣ “እቴ፣ ለኛ ተሰለፊ! ከሱ ትሻያለሽ!” አለኝ።

አባትህ ዞሮ አየኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሩሯ፣ ኳሷ ማለቴ ነው፣ ወደ ማዶ ስትመታ ሰው ሁሉ ተከትሏት ሮጠ፤ ሁለቱ ከእኔና ከጎረቤቴ ከዙቤይዳ ፊት ቀሩ። እኔን መምታት ስላልቻለ ናኦድን መታ። ዱላውን በሁለት እጁ አንሥቶ ከኋላ አናቱን አለው። ደረቅ ቅል ሲሰበር ሰምተህ ታውቃለህ? ሲወድቅ ደገመው። ደም በአፍንጫውና በጆሮው ወረደ፤ እግሮቹ ሣሩን ይቧጥጡ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሽማግሌዎች ምስክር ሲጠሩ ዙቤይዳ ክንዴን ያዘችኝ። “የኔነሽ፣ ማሎ፣ እባክሽ! ልጅ በሆድሽ ይዘሻል። ወላሂ፣ እኔም ምንም አላየሁም።” ቤት ደግሞ አባትህ ያንኑ ዱላ ከበሩ ኋላ አቁሞት ነበር። “ናኦድ ሩሯን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ራሱ ከዱላው ሥር ገባ” ብዬ ማልሁ። ፊደል ስለማላውቅ በአሻራዬ አስፈረሙኝ። በኋላ በርበሬ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ማንበብ ራሴን ሳስተምር፣ በሐሳቤ ደጋግሜ የማነበው ያንን ወረቀት ነበር። አባትህ አንተ ሁለት ዓመት ሲሞላህ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ሞተ። እኔም ጀግና አድርጌ ነገርሁህ።

እሑድ ዕለት ናርዲ የምትባል መምህርት የአጋሮን ቡድን ልታስመዘግብ እቤቴ መጣች። የናኦድ ልጅ ናት። ዋንጫውን አየችው።

“እማማ፣ አጋሮ ልጆች ‘አባቷ ሩር መስሎት ዱላ ሳመ’ እያሉ አሳደጉኝ። እርስዎ ቆመው አይተዋል አሉ። እውነት እንደ ሞኝ ጎንበስ ብሎ ነው የሞተው?”

ነገርኋት። ሁለቱንም ምት፣ ስድቤንም፣ መሐላዬንም።

ዋንጫውን ብድግ አደረገችው። ራሴን የምትፈልጠው መሰለኝ፤ አልሸሸሁም። ወረወረችው፤ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ግድግዳውን መታና ልስኑን አራገፈው።

“ለኔ ለብቻዬ መንገር ቀላል ነው” አለች። “ውሸቱን የሰማው ሕዝብ እውነቱንም ይስማ።”

“ይሰማል፣ ልጄ” አልኋት።

ዋንጫው አሁን መርካቶ ሙኒር ቀጥቃጩ ጋ ነው። የአባትህን ስም ፍቆ የናኦድን ይጽፍበታል። ሳላስፈቅድህ አደረግሁት። በገና ዕለት ይህንኑ ታሪክ በራሴ አፍ አነበዋለሁ።

ደብዳቤውን ጎረቤታችን ሱፊያን ፎቶ አንሥቶ ዛሬውኑ በስልክ ይልክልሃል። እስከ በዓሉ ድረስ አትደውልልኝ፤ ድምፅህን ከሰማሁ ወኔ ይከዳኛል። ከበዓሉ በኋላ ልብህ ከፈቀደ ደውል። ካልፈቀደም አልቀየምህም።

እግዚአብሔር ክፉ አያሳይህ፤ ከክፉ ቃልና ከክፉ እጅ ይሰውርህ። ትዳርህን የሰላም ያድርግልህ፤ ሚስትህ ስትናገር የማትፈራህ ሁን።

እናትህ
የኔነሽ