የልጄን የፈተና ውጤት ለሶፋ መጋዘን ለላኩት ኃላፊ

ለተከበሩ የፈተና ውጤት መላኪያ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ፣ ጤናዎስ እንዴት ነው እላለሁ። ቢሮዎ በተመላለስኩባቸው ዘጠኝ ቀናት ወንበርዎ ላይ ያገኘሁት ኮትዎን ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎ በደህና ይኖሩ እንደሆነ ከልብ አሳስቦኛል። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነውና ከኮትዎ ጋር በሚገባ ተዋውቀናል። የግራ እጅጌው ገበር ተተርትሯል፤ ምናልባት ካላወቁት ብዬ ነው።

እኔ ከሦስት ዓመት በፊት የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ወስዳ ከፍተኛ ውጤት ያመጣች ልጅ እናት ነኝ። በዚያው ዓመት ኮሌጅ መግባት ሲገባት እኔ አከርካሪዬን ታምሜ አልጋ ላይ ቀረሁና፣ እያገላበጠች፣ እያጠበች፣ እያጎረሰች አስታመመችኝ። ዘንድሮ እኔ ቆሜ መሄድ ስጀምር እሷ ነርስ ልሁን አለች። የነርሶች ኮሌጁ የጠየቀው ውጤቷ ከእርስዎ ቢሮ በታሸገ ፖስታ እስከ ወሩ መጨረሻ ዓርብ እንዲደርሰው ብቻ ነበር። ቀላል ነገር መስሎን ነበር። ለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ልጄ ማመልከቻው ላይ ስትፈርም ፊርማዋ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከፈረመችው ጋር አይመሳሰልም ተባለ። ያኔ የስሟን የመጨረሻ ፊደል ጭራ አበባ ታደርገው ነበር፤ ልጅነት ነው። የመስኮት አራት ሠራተኛዎ፣ ትሕትናቸው ይብዛ፣ ብጣሽ ወረቀት ሰጥተው አበባውን እንድትለማመድ አደረጉ። የሃያ ዓመት ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ኮሪደር ላይ አበባ ስትስል ዋለች። በሦስተኛው ቀን ተመሳሰለ ተባልን። የገዛ ፊርማዋን አስመስላ መፈረም ስላስተማራችኋት ባለውለታችሁ ነኝ።

፪ኛ. የነርሶች ኮሌጁን ስምና አድራሻ በትልልቅ ፊደል ጽፈን ሰጠን። ቢሮዎ ግን ያንን ትቶ ውጤቱን በፈተናው ዕለት ወደመረጠችው ኮሌጅ ላከው። ያ ኮሌጅ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ግቢው ዛሬ የሶፋና የቁም ሣጥን መጋዘን ነው። ዘበኛው ፈርመው ተቀበሉ፣ እናንተም መዝገብ ላይ «ደርሷል» ብላችሁ ጻፋችሁ፣ የደረሰ ውጤት ደግሞ ዳግመኛ አይላክም ተባልን። ነርስ እንዲሆን የታሰበው የትኛው ቁም ሣጥን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

፫ኛ. መጋዘኑ ድረስ ሄድን። ዘበኛው ፖስታውን በሁለት እጃቸው እያቀበሉኝ «የሰው ዕድል ነው ብዬ እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኩት፣ እናቴ» አሉኝ። ይህን የምታህል ሐሳብ ቢሮዎ ካሉት አሥራ አንድ ጠረጴዛዎች በአንዱም አላገኘሁም። ማኅተሙን ሳንነካ ኮሌጁ ብንወስደው፣ በእጅ የመጣ አንቀበልም አሉ፤ ደንቡን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምዝገባው ተዘጋ።

ክቡር ሆይ፣ ጨዋነቴ እዚህ ላይ አለቀ። አንገሽግሻችሁኛል። ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አላለቀሰችም፤ ቤት ትጠርጋለች፣ የጠረገችውን ደግማ ትጠርጋለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶኛል። የማስታወቂያ ሰሌዳችሁ እንደሚለው ውጤት የሚያገለግለው ሦስት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ለከርሞ ፈተናውን እንደገና ትቀመጣለች።

ለትጋትዎ የሚመጥን ቃል በጨዋ አፍ ባላገኝለትም፣ ከማይቀንስ አክብሮት ጋር፣

በአራቱም መስኮቶችዎ ተራ ጠብቃ የተመለሰች እናት

ማስታወሻ፦ ውጤታቸው እንዲላክ ከዓመታት በኋላ ዘግይተው ለሚያመለክቱ ባዘጋጃችሁት ቅጽ ላይ «የዘገዩበት ምክንያት» በሚለው ሥር ሁለት ሳጥኖች ብቻ አሉ፤ አንዱ የራስ ሕመም፣ ሌላው የወላጅ ሞት ይላል። ልጄ ሁለቱንም ባዶ በመተዋ ማመልከቻዋ ውጤቱ ከመላኩ በፊት አራት ቀን ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበር። ሳልሞት በመቅረቴ ለተፈጠረው የአሠራር መጓተት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ አይደለም፣ ልጄ ጎበዝ አስታማሚ ስለሆነች ነው።