የጭብጨባው ክፍል

ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ቀን፦ ሰኞ፣ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ

ጉዳዩ፦ የተቋረጠው የከሰዓት የጽሕፈት ልምምድ እንደገና እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ክቡር ርዕሰ መምህር፣

ከልመናዬ በፊት ልናዘዝ። አምና ለወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ሱፍ ልብስ ስለካ፣ «የጽሕፈት መምህሯ ልጆቻችንን ከሰዓት በኋላ ሲያስጨበጭቡ ይውላሉ» ብዬ ሹክ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜ እንዳይነሳም ለምኛለሁ። ልምምዱ በዚያው ሰሞን ተዘጋ።

1. ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አራተኛ ክፍል የምትማረውን ልጄን ብቻዬን አሳድጋለሁ። አንድ ቀን ልወስዳት መጥቼ በመስኮት ባይ፣ ልጆቹ ቃሉን በድምፅ በድምፅ እየቆረጡ ያጨበጭባሉ። ቀጥሎ ቃሉ ከሰሌዳው ይጠፋና ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አየር ላይ ይጽፋሉ። ደብተር የያዘ የለም። ጨዋታ መሰለኝ።

2. ከተዘጋ በኋላ እኔ በማውቀው መንገድ ያዝኳት፤ አንዱን ቃል ገጹ እስኪሞላ ታስገለብጠኝ እንደነበረችው እንደ እናቴ። ደብተሩ ሲከደን ቃሉ የለም። ዓረፍተ ነገር ሳነብላት መጀመሪያውን ስትጽፍ መጨረሻው ይጠፋታል። «አባዬ፣ እጄ ሳይደርስበት ሄደ» ትለኛለች። እኔም ለክቼ ጠመኔ እስካነሳ ሰው ካናገረኝ ልኩ ይጠፋኛልና ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባኛል። መፍትሔውን ግን አላውቀውም። መምህሯ እጅ እስኪደርስበት ድረስ ቃሉን በልብ መያዝን ነበር የሚያለማምዱት።

3. ዘንድሮ ጽሕፈት ካላለፈች ክፍል እንደምትደግም ተነግሮኛል። ትናንት፣ «ስፌት አስተምረኝ፤ እሱ ቃል ጽሕፈት የለውም አይደል?» አለችኝ። ልጸልይላት ተንበርክኬ ቃል አጣሁ።

4. ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ ተሳስቻለሁ ብላቸው፣ «ወንድሜ፣ አንዴ ተወስኗል፤ አሁን ምን ላድርግልህ?» ብለው እንዳሳጥርላቸው ሱሪ ሰጡኝ። ከእርስዎ ሌላ የማመለክትበት የለኝም።

ስለዚህ መምህሯ ልምምዱን እንዲቀጥሉ እንዲፈቅዱልን በትሕትና እለምናለሁ። ልምምዱ ከተዘጋ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ የታጎሩትን ስብርባሪ ወንበሮች እኔው ተሸክሜ አወጣለሁ። ቅጣት ካለ በእኔ ይሁን፤ ልጄን አይንካብኝ።

ይህን ይዤ ወደ ቢሮዎ ከመምጣቴ በፊት፣ ዛሬ ጠዋት መምህሯን በር ላይ ጠብቄ፣ ልጄ እጄን ይዛ እየሰማች፣ «ክፍልዎን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ልብስ ሰፊው፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ አባት